አሮጊቷ ከየት ትጀመር

ወይም ከፍሬኑ፣ ፍሬን ይቅደም ብሎት ነበር ሻምበል፣ መቆም የማይችል ነገር አይነሳም ብሎ፣ በማግስቱ ደግሞ የለም ዝገቱ ይቅደም አለ፣ ቃሉ አያድርም ሰውየው፣ ሻምበል ይሉታል እንጂ ወታደር ቤት በበሩም አላለፈ፣ ጎረቤት ነው፣ መካኒክ ነው፣ ማዘዝ ይወዳል፣ በቃ። ምን ያድርግ ታዲያ፣ ያዳምጠዋል፣ ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ የመጀመሪያ አሮጌ መኪናውን ለማደስ የተነሳ ሰው ያገኘውን ሁሉ ያዳምጣል። ዝገት፣ ፍሬን፣ ሞተር፣ የመብራት ሽቦ፣ ቀለም፣ ወንበር። ወይስ ሞተር ከዝገት በፊት? ሞተሩ ከወጣ ብየዳው ይቀላል፣ ግን መልሶ የሚያስገባው ማን ነው፣ ይህ ወገብ? ይህ ወገብ አንድ ጀሪካን ውሃ ያነሳ እንደሆነ ሳምንቱን ሲታሸት የሚከርም ወገብ ነው።

ደክሞታል። ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጧል፣ ጫማውን አውልቆ ጎኑ አስቀምጦታል፣ ከግቢ ግቢ እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ የዋለ እግር ነው፣ እግር አይባልም፣ የተዋሰው የሰው ዕቃ ነው የሚመስለው፣ ውሻ አለ ወይ፣ ውሻ አለ ወይ እያለ በር ሲያንኳኳ የዋለ ጉሮሮም ደርቋል፣ ፀሐይዋ ራሷ የደከማት ይመስል በቆርቆሮው ስንጥቅ ገብታ የመኪናዋ ኮፈን ላይ ተጋድማለች። አሮጊቷ ፊቱ ቆማለች። አሮጊቷ ያለቻት ሚስቱ ናት፣ ተጎትታ የመጣች ቀን፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ምነው፣ እዚህ ቤት አንድ አሮጊት አነሰችህ? ብላ ሳቀች፣ ያኔ ትስቅ ነበር፣ ጎረቤት እስኪሰማ፣ ሁለቱ ናቸው ቆጥበው የገዟት፣ ልጃቸው ሥራ ይዞ ከቤት የወጣ ሰሞን፣ ቤቱ ጭር ብሎ ማንኪያ ሲወድቅ የሚያስደነግጣቸው ሰሞን፣ አንድ ነገር አብረን እንሥራ እስቲ አለች፣ እሷ ናት ያለችው፣ እሱማ ድመት እናሳድግ ልትለው መስሎት ነበር። ድንቡሼ ባለ ሁለት በር መኪና፣ ቀለሟ የወተት ይሁን የአቧራ የማይለይ። የፊት መብራቶቿ ክብ ክብ ብለው ያፈጣሉ። ምን ታፈጫለሽ፣ እኔም አላውቅም።

ሁለት መንገድ አለ ብሎታል ሻምበል። አጭሩ፣ ቀዳዳዋን በስቱኮ ትደፍናለህ፣ ላይ ላዩን ታሽና ቀለም ትረጫለህ፣ ሞተሯን ታስነሳለህ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ትሸጣታለህ፣ ከዚያ ወዲያ የገዛት ሰው ይወቀው። ረጅሙ፣ ሆድ ዕቃዋን አውጥተህ ባዶዋን ታስቀራታለህ፣ አሮጌውን ቀለም እስከ ብረቱ ትፍቃለህ፣ የበሰበሰውን ቆርጠህ አዲስ ላሜራ ታስበይዳለህ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ትመልሳለህ፣ መቼ ያልቃል አትበለኝ፣ እኔ ነቢይ አይደለሁም፣ ብቻ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ምርጫው ያንተ ነው ወንድሜ፣ አለና እጁን በሱሪው ጠርጎ ሄደ። ምርጫው ያንተ ነው። ሲናገሩት ቀላል ነው። ሻምበል አያውቅም፣ ልጃቸው እንኳ አያውቅም፣ መኪናዋ ያለቀች ቀን ትዳሩም እንደሚያልቅ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ አንደኛው እዚህ ተቀምጦ እግሩን ያሻል።

ጥል የለም፣ ጥል ቢኖር ይሻል ነበር፣ የተጣላ ይታረቃል። ሚስቱ ልብስ እያጠፈች ነበር። ደከመኝ፣ አለች። እኔም፣ አላት። ስለ ሥራ የምታወራ መስሎት ነበር፣ የለም፣ ውሸት ነው፣ ያኔውኑ ገብቶታል። ተረኛ ዘበኞች ሆንን እኮ፣ አለች፣ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል፣ እውነቷን ነው፣ የምትሠራበት ዳቦ ቤት ጎህ ሳይቀድ ነው የሚከፈተው፣ ቀትር ላይ ትመለሳለች፣ ጋደም ትላለች፣ እሱ ሲገባ ነገ ማልዳ ለመነሳት ልትተኛ ነው፣ ምግቡ ምድጃው ላይ ነው፣ ቁልፉ ምስማሩ ላይ ነው፣ መብራቱን አጥፋው፣ ስንት ዓመት አብረው ኖረው የቀራቸው ወሬ ይኸው ነው። አሁን ብንሸጣት ቁርጥራጭ ብረት ናት፣ እንጨርሳትና ከዚያ በየፊናችን፣ አለች፣ ካልሲ ከካልሲ እያጋጠመች፣ የሱን ካልሲ። ይሁን፣ አለ። ይሁን! ይሁን የሚባለው ሻይ ልጨምርልህ ላለ ሰው ነው። ተዋዋይ ወገኖች ያለማንም አስገዳጅነት፣ በሙሉ ፈቃዳቸው፣ የጋራ ንብረታቸው የሆነችውን አሮጊት አድሰው፣ ኧረ ወዲያ፣ በራሱ ይስቃል፣ ሳቁ ሳል ሆኖ ይወጣል።

እንግዲህ ቅደም ተከተል፣ ሰው ቅደም ተከተል ካወጣ ሌላ ነገር አያስብም። አጭሩን ቢላት። ቢላትና ፊቷ ፈካ ቢልስ? ተገላገልኩ የሚል ፊት፣ ያን ፊት ማየት አይችልም፣ ደንቆሮ ቢሆን ይመርጣል፣ ማለት ዕውር፣ አየህ ድካሙ ቃል እንኳ ያሳስታል። ረጅሙን ቢላትስ፣ ትነቃበታለች፣ እየጎተትከው ነው ትለዋለች፣ ወይም ምንም አትለውም፣ ያ ይብሳል፣ ልሂድ ያለን ሰው በብሎን አስሮ ማቆየት ምን የሚሉት ወንድነት ነው። እሱ ግን ረጅሙን ነው የሚፈልገው። የረጅም ረጅሙን። ብሎኑ ሁሉ ቢዝግ፣ ዕቃው ከገበያ ቢጠፋ፣ በያጁ ሞትኩ ብሎ ሱቁን ቢዘጋ። ይወዳታል፣ ይኸው ወጣ፣ ተባለ፣ ለማን ተባለ፣ ለመኪና። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፣ ዝንብ አልገባበትም፣ ምንም አልገባበትም። ሆድ ይፍጀው።

ፍሬን፣ ዝገት፣ ሞተር። ሞተር፣ ዝገት።

የነጠላ ጫማዋ ድምፅ። በሩ ላይ ትቆማለች፣ ሻሿን አስራ፣ እጇን ከቀሚሷ ኪስ ከታ፣ ከዳቦ ቤት ይዛው የምትመጣው የእርሾ ሽታ ቀድሟት ይገባል፣ ቀና ብሎ ሊያያት ይፈልጋል፣ ያያል ግን የሻሿን ቋጠሮ ነው። እና፣ ወሰንክ? ትለዋለች። እያሰብኩ ነው። ሻምበል ምን አለ? ሻምበል ብዙ ነገር አለ። የጎረቤት ሬዲዮ ስለ አንድ የኳስ ጨዋታ ያጓራል። በል እሺ፣ በል አሁን፣ አፍህን ክፈትና ረጅሙን በል፣ ምን ትሆናለህ፣ ደግሞ እየጎተትከው ነው ብላ ፊቷን ብታዞርስ፣ አጭሩ ይሻላል፣ ይላል አፉ፣ ማንም ሳያዘው፣ ስቱኮ ሞላ ሞላ አድርገን ቀለም እንቀባት፣ ምን ያለፋናል። አለው። የራሱ አፍ ነው ያለው። ቆማ ታያለች፣ እሱን ሳይሆን ጫማውን፣ ይሁን፣ ትላለች፣ ፊቷ አልፈካም፣ ምንም አልሆነም፣ ከዚያ፣ ጫማህን አድርግ፣ ሲሚንቶው ይበርድሃል፣ ብላ ትመለሳለች፣ ወዲያው ከማድ ቤት የሳህን መንኳኳት ይሰማል።

አለቀ። ስቱኮ። ስንት ጣሳ ስቱኮ ይበቃል፣ ሻምበል ቀዳዳዋን ዙሪያዋን እይና ንገረኝ ብሎት ነበር፣ ይነሳል፣ ጉልበቱ ይንቋቋል፣ ይህኛው ጎን ሁለት ቀዳዳ፣ ከበሩ ሥር አንድ ትልቅ፣ የግድግዳው ጎንስ፣ እዚያ ጎን መኪናዋ ከመጣች ጀምሮ ዘልቆ አያውቅም፣ ጠባብ ነው፣ ቦርጭ ያለው ሰው አያሳልፍም፣ ሚስቱ ናት እዚያ ሸራ የጣለችበት፣ አቧራ እንዳይገባበት ብላ። ሆዱን ሰብስቦ ጀርባውን ከግድግዳው እያሻሸ ይገባል። ሸራውን ይገልጣል።

ቀለም የለም። በሩ ላይ ቀለም የለም፣ ከበሩ ኋላም የለም፣ እስከ ጎማው ድረስ ራቁቱን የቆመ ብረት ነው፣ ንጹሕ፣ ግራጫ፣ እጁን ያስነካል፣ ዘይት፣ እንዳይዝግ ዘይት ተቀብቷል፣ ስስ አድርጎ በጨርቅ የቀባ እጅ ነው፣ መሬቱ ላይ የተፋቀው ቀለም ተጠርጎ የዳቦ ከረጢት ውስጥ ገብቷል፣ ብርጭቆ ወረቀቱ አራት ታጥፎ፣ እንደ ካልሲ፣ ጎማው ላይ ተቀምጧል። ሻምበል? ሻምበል የረገጠውን ጭቃ እንኳ አይጠርግም። ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፣ የሁለት ቀንም አይደለም፣ በየቀኑ በየቀትሩ ነው፣ ተኝታለች ብሎ በሚያስብበት ሰዓት፣ ሌሊት የተነሳ ሰው፣ በዚያ ክንዷ፣ እዚህች ጥበት ውስጥ ተንበርክካ፣ ባለፈው ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ አይቷት ነበር፣ ምን ሆነሽ ነው አላላትም፣ ምድጃው ነው ብሎ ለራሱ መለሰና አለፈ፣ ጌታዬ፣ ቆጣሪ እያነበበ የሚኖር ሰው ቤቱ ውስጥ ያለውን አያነብም። አጭሩን የሚመርጥ ሰው እስከ ብረቱ አይፍቅም። ስቱኮ ሊደፋ ያሰበ ሰው ዘይት አይቀባም። ረጅሙን ጀምራው ነበር፣ እሱ ቅደም ተከተል ሲያወጣ ሲያፈርስ እሷ ጀምራው ነበር፣ አሁን ደግሞ መጥታ ጠየቀችው፣ እሱም ምን ያለፋናል አላት። ምን ያለፋናል! አፉን በጥፊ ማለት አማረው።

ሄዶ ይንገራት። ምን ብሎ? አየሁት? ይቅርታ? እንደ ተማሪ በር ላይ ቆሞ? ቃል አይመጣለትም፣ ቃል ድሮም አይመጣለትም፣ የሚመጣለት ይሁን ብቻ ነው። ብርጭቆ ወረቀቱን ያነሳል። ከጥበቱ እየተጎተተ ይወጣል፣ ሸሚዙ ግድግዳው ላይ ይቀደዳል፣ ይቀደድ፣ ባዶ እግሩን ነው፣ በዚህኛው ጎን በር ፊት ይንበረከካል፣ ወገቡ ይጮኻል፣ ይጩህ፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ያንን ወተት ይሁን አቧራ ያልለየለትን ቀለም ይፍቀዋል፣ በኃይል፣ ቆርቆሮው ሁሉ እስኪያስተጋባ፣ ማድ ቤት ድረስ እስኪሰማ፣ ዱቄቱ ዓይኑ ይገባል፣ ዓይኑ ያነባል፣ ዱቄቱ ነው፣ ዱቄቱ ብቻ አይደለም፣ ይፍቃል።

የሳህኑ መንኳኳት ይቆማል።

ነጠላ ጫማው፣ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ፈጠን ብሎ፣ ከዚያ እዚህ፣ ከጀርባው። ዞር አይልም፣ መዞር ይፈራል፣ እጁ አይቆምም፣ እሷ አጠገቡ ጉልበቷን አጥፋ ስትቀመጥ፣ የረጠበ እጇን እጁ ላይ ጭና ወረቀቱን ስታላላለት ይሰማዋል።

ቀስ በል እንጂ ሰውዬ፣ ትለዋለች፣ ማን አጣደፈን።