ለእሷው ደኅንነት

በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ፣ ቤ በሚባለው ሰፈር ፍሪጅ የተበላሸበት ሰው መጀመሪያ የሚጠራው አግቤኮን ነው። ሱቁ የገዛ ቤቱ በረንዳ ነው። ሆዳቸው የተከፈተ ፍሪጆች ተደርድረውበት፣ እሱ ካቻቢቴውን በጥርሱ ነክሶ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲል ይውላል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አንዲት ልጁን ሴናምን ያለ አጋዥ አሳድጎ ዩኒቨርሲቲ አስገብቷታል። ሕግ ነው የምታጠናው። ልቧ ግን ከትምህርቱ ይልቅ ከጓደኞቿ ጋር በምታደራጀው ሰልፍ ላይ ነው። አግቤኮ ይህን ያውቃል፤ ማወቁንም እሷ ታውቃለች፤ ሁለቱም ግን ገበታ ላይ አያነሱትም።

አንድ ቀን ብቻ አንስታው ነበር። የስልኳን የምስጢር ቁጥር ነገረችውና፣ «ድንገት አንድ ነገር ብሆን ለጓደኞቼ ደውልላቸው፣ እሺ አባዬ?» አለችው።

«ምን ትሆኛለሽ? አፍሽን ሰብስቢ!» ብሎ ተቆጣት። ቁጥሩን ግን አልረሳውም።

ነገሩ የመጣው ሴናም ወባ ይዟት በተኛችበት ሳምንት ነው። ከጓዳ ያለው የኤሌክትሪክ መስመር ስለተቃጠለ ስልኳን በረንዳው ላይ ቻርጅ ሰክታ፣ መድኃኒቷን ውጣ ተኛች። ከምሳ በኋላ ዶቼ በሞተር ብስክሌቱ መጣ። ዶቼና አግቤኮ በአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው በወፍራም ድምፅ የሚዘምሩ የዘመናት ወዳጆች ናቸው። ዶቼ የጸጥታ ሰው መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ምን እንደሚሠራ ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም።

«አግቤኮ! ዛሬም ፍሪጅ አቅፈህ ዋልክ? ይሄ ነገር አያሞቅህም፣ ሚስት ፈልግ እያልኩህ!»

«የአንተ ሚስት የምታየውን መከራ አይቼ ነው የተውኩት» አለ አግቤኮ። ሳቁ።

ዶቼ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «ልጃችንስ?»

«ወባ ጥሏታል። ተኝታለች።»

«ይማራት። እንዲያውም መተኛቷ ደግ ነው» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኛ ዘንድ ስሟ ይነሳል፣ አግቤኮ።»

አግቤኮ ካቻቢቴውን ከአፉ አወጣ። «ምን አድርጋ?»

«እሷማ ምንም። ችግሩ አብረዋት ያሉት ናቸው። ቅዳሜ ሰልፍ ሊወጡ ነው። ከመሃላቸው ነዳጅ ማደያ ለማቃጠል የሚዶልት አለ። የት እንደሚሰባሰቡ ብናውቅ ማንም ሳይጎዳ ቀድመን እንበትናቸዋለን። ካላወቅን ግን ያው ያለፈው ነው የሚደገመው። የጎረቤትህን የዳቪ ኤሲን ልጅ ዓይን አይተኸዋል አይደል?»

አይቶታል። ልጁን በአስለቃሽ ጭስ ቀለህ ዓይኑን ተመትቶ ደሙ ሲወርድ፣ ተሸክሞ ታክሲ ውስጥ ያስገባው ራሱ አግቤኮ ነው። ያ ደም ከሸሚዙ አልለቀቀም ነበር።

ዓይኑ ሳያስበው ወደ ስልኩ ሄደ። የዶቼም ዓይን ተከተለው። ዶቼ ስልኩን ስጠኝ አላለም። ይህን አግቤኮ በኋላ ደጋግሞ አስቦታል፤ አላስፈራራውም፣ አልለመነውም። ዝም ብሎ ጠበቀው። ስልኩን ከሶኬቱ የነቀለውና ቁጥሩን የነካካው የአግቤኮ የራሱ ጣት ነው።

ዶቼ መልእክቶቹን ወደ ላይ ወደ ታች እያለ በራሱ ስልክ ፎቶ ያነሳቸው ጀመር። አግቤኮም ከትከሻው በላይ አየ። ኤሎም የሚባል ልጅ ነበር። «ዓይኔ» ትለዋለች። እሱም ይጽፍላታል፣ ረጅም ረጅም። አግቤኮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ልጁን ገላዋን ስትታጠብ ድንገት ያያት ያህል አፈረ።

«ማነው ይሄ ኤሎም?»

«ጓደኛዋ ነው» አለ፤ እሱም መስማቱ ገና አሁን ነበር።

«አጎኤ ሰፈር፣ አክስቱ ቤት ነው የሚያድረው ለካ» አለ ዶቼ ለራሱ፣ እያነሳ። ሲጨርስ ተነስቶ የአግቤኮን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «ልጅህን አድነሃታል። በእኔ ይሁንብህ።»

አግቤኮ ስልኩን እንደነበረ በፊቱ ደፍቶ ሰካው። ሴናም ስትነቃ የበቆሎ አጥሚት ሠርቶ ወሰደላት፣ ትራሷን አስተካከለላት፣ እግሯን አሸላት።

«ዛሬ ምን ሆነሃል? ልሞት ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችበት።

ኤሎምን ሐሙስ ወሰዱት። ሴናም ወሬውን የሰማችው እዚያው በረንዳ ላይ ነው፤ ትኩሳቱ ገና ያልለቀቃት ልጅ ነጠላ ጫማዋን ሳታጠልቅ ወደ መንገድ ሮጣ ወጣች፣ ደግሞ ተመለሰች። «ከአክስቱ ቤት ነው የወሰዱት፣ አባዬ! እዚያ ማደሩን እኮ ከእኛ በቀር የሚያውቅ የለም!»

«ምናልባት የሰፈር ሰው አይቶት ይሆናል» አላት። ምላሱ እንዲህ እንደሚፈጥን አያውቅም ነበር።

ቅዳሜ ሰልፉ ቀረ። ከተማው ጸጥ አለ፤ ነዳጅ ማደያም አልተቃጠለም፣ የማንም ልጅ ዓይን አልጠፋም። አግቤኮ ይህን ለራሱ ደጋግሞ ነገረው፤ ግን ውስጡ አልተቀበለውም። ለዶቼ ደወለ።

«እንበትናለን ነው እንጂ እናስራለን መቼ አልከኝ?»

«ጥቂት ጥያቄ ነው፣ ይለቀቃል። ልጅህን ነካናት? አልነካናትም። ሌላው የሌላ ሰው ልጅ ነው፣ አባቱ ይጨነቅበት።»

እሁድ መዘምራኑ መሃል ቆሙ። ዶቼ ከጎኑ በሙሉ ድምፁ ዘመረ። አግቤኮ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ የሚወጣ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የሴናም ጓደኞች በየቀኑ ግቢው ውስጥ ይሰበሰቡ ጀመር፤ ወሬያቸውም አንድ ብቻ ሆነ፤ ማነው የሸጠን? ጣታቸው ፎሊ ላይ አረፈ። ፎሊ ሲናገር የሚንተባተብ፣ ረጅም፣ ዓይን አፋር ልጅ ነው። አጎቱ ወታደር ነው።

«በዓል በመጣ ቁጥር እሱ ቤት አይደል የምትበላው?» አለችው ሴናም።

«አ... አጎቴ እኮ ነው። የት ልብላ ታዲያ?»

«ስልክህን አምጣ!» አለ አንደኛው።

ፎሊ ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ከእጅ እጅ እየተቀባበሉ በረበሩት። ለእናቱ የጻፈውን አንዱ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ጫማው መቀደዱን፣ ዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት ሰልፍ ላይ እንደሚገፈትሩት የነገራትን። አንዲቷ ልጅ ሳቀች። የሚፈልጉትን አላገኙም፤ አለማግኘታቸው ግን ጥርጣሬያቸውን አላበረደውም። «አጥፍቶት ነው» አሉ።

አግቤኮ በረንዳው ላይ የፈታውን የፍሪጅ ሞተር ጭኑ ላይ ይዞ ሁሉንም ሰማ። ተነስ፣ ተናገር አለው ልቡ። አልተነሳም። ፎሊ ስልኩን አንስቶ ሲወጣ አጠገቡ ደረሰና፣ «ደ... ደህና ይዋሉ፣ የሴናም አባት» አለው።

«ደህና ዋል፣ ልጄ» አለ አግቤኮ። ልጄ አለው።

በማግስቱ ፎሊን ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጥለው ደበደቡት። ሴናም ወሬውን ይዛ የመጣችው በምሳ ሰዓት ነው። አኩሜ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ ሠርቶ፣ ወጡን አውጥቶ ይጠብቃት ነበር። እጇን ታጥባ ተቀመጠች፤ ግን አልቆረሰችም።

«እጁን ሰበሩት። የመቱትን አላውቃቸውም። ሂዱ ምቱት አላልኩም።» ሳህኑን ገፋ አድርጋ፣ «ግን ስሙን ያነሳሁት እኔ ነኝ» አለች።

አግቤኮ ፊቷን አየ። እንዲህ ያለውን ፊት ሰሞኑን መስታወት ውስጥ ለምዶታል፤ በልጁ ላይ ሲያየው ግን አልቻለም።

«ፎሊ አይደለም» አላት። «እኔ ነኝ።»

አልገባትም። ነገራት። ዶቼን፣ ወባውን፣ ሶኬቱን፣ ሁሉንም። ሲጨርስ አልጮኸችም፤ ብትጮኽበት ይመርጥ ነበር።

«ምን ምን አነበባችሁ?»

«እኔ ብዙውን አላየሁም...»

«አባዬ፣ ምን ምን አነበባችሁ?»

«ኤሎም የሚጽፍልሽን።»

ሴናም ደረቷን በእጇ ሸፈነች። «ብሞት ትደውልላቸዋለህ ብዬ ነበር እኮ የሰጠሁህ።»

«እንዳትሞቺ ብዬ ነው ያደረግኩት፣ ልጄ።»

«እነሱም እንዲህ ነው የሚሉት» አለችና ተነሳች። «ፎሊ ጋ ልሄድ ነው። ተነስ! እግሩ ላይ የምወድቀው እኔ ብቻ አይደለሁም።»

ሆስፒታሉ ውስጥ ፎሊ እጁ በጀሶ ታስሮ፣ ከንፈሩ አብጦ ተኝቷል። እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ ዳቦ በሻይ እየነከረች ታጎርሰዋለች። አግቤኮ ቆሞ ተናገረ። ሴናምም የራሷን ተናገረች። እናትየው ዳቦውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።

«ልጅዎን ከጉዳት ሊያድኑ ብለው ነው?» አለችው።

«አዎ፣ እመቤቴ።»

«እና የእኔን ልጅ ለማን ነበር የተዉት?»

 ፎሊ ግን ከአልጋው ላይ ሆኖ፣ «ለ... ለሁሉም ንገሪልኝ፣ ሴናም። ሌላ አልፈልግም» አለ።

ነገረች። ስልኩንም እጅ በእጅ ለበረበሩት፣ ለሳቀችውም ልጅ፣ ለሁሉም ነገረች። በዚያው ሳምንት ልብሷን በቦርሳ አድርጋ፣ ቤቱ ውስጥ መተኛት አልቻልኩም ብላ አጎኤ ወደ ኤሎም አክስት ቤት ሄደች።

ዶቼ ደግሞ መጣ። እንደ ወትሮው ቀልዶ፣ በርጩማ ስቦ፣ ሱቁ ፊት ስለሚሰበሰቡ ጎረምሶች ጠየቀ።

«የማውቀው የለም» አለ አግቤኮ።

«ምነው ከረረብህ? አንድ ጊዜ ረድተኸናል እኮ። ይሄ ነገር ወሬ ሆኖ ቢወጣ ለአንተም ለልጅህም ደግ አይደለም።»

«ልጄ ታውቃለች። የተደበደበው ልጅ ያውቃል፣ እናቱም ታውቃለች። የቀረ ሰው ካለ ሄደህ ንገርልኝ።»

ዶቼ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። አግቤኮ ጀግንነት አልተሰማውም። ይህን ቃል ያኔ ስልኩ ሶኬት ላይ ሳለ ቢናገረው ኖሮ የሚለው ነገር ብቻ ነበር በጭንቅላቱ የሚዞረው። መዘምራኑንም ተወ።

ኤሎም ዝናቡ ሲጀምር ተለቀቀ። አግቤኮ አንድ ትልቅ ሐብሐብ ገዝቶ አጎኤ ሄደ። የኤሎም አክስት በሩን ከፍታ አየችው፣ ሰላምታ አልሰጠችውም፣ ግን መንገድ ለቀቀችለት። ኤሎም ቀጭን፣ ጸጉሩ የተላጨ ልጅ ነው። ሲያየው ከወንበሩ ተነሳለት፤ ያ መነሳት አግቤኮን ከስድብ የባሰ አሳመመው።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ይቅር በለኝ ማለቴ አይደለም፤ እሱ ያንተ ነው።»

ኤሎም ተመልሶ ተቀመጠ። «መማታቱን መትተውኛል» አለ። «እሱ ያልፋል። ግን ለእሷ የጻፍኩትን አውጥተው ያነቡልኝ ነበር፣ የሴናም አባት። አንዱ የእኔን ያነባል፣ ሌላው ድምፁን አቅጥኖ የእሷን። ይስቃሉ። አሁን አጠገቧ ቁጭ ብዬ አንድ ቃል ልነግራት ስል ያ ሳቅ ይመጣብኛል። እርስዎን አልጠላዎትም። ምን ልበልዎ ግን አላውቅም።»

«ምንም አትበለኝ» አለ አግቤኮ።

ሴናም መንገድ ድረስ ሸኘችው። ጭቃውን እየዘለሉ ሄዱ። ሞተር ታክሲ የሚቆምበት ሲደርሱ፣ «ቤት መቼ ትመጪያለሽ?» አላት።

«አላውቅም።»

«እጠብቅሻለሁ።»

«አትጠብቀኝ። ሥራህን ሥራ። ስመጣ እመጣለሁ።» ወደ ባለሞተሩ ዞራ ዋጋ ተከራከረች፣ አስቀነሰችም። «ጉድጓዱን እያየህ ቀስ ብለህ ንዳ። ሽማግሌ ነው የያዝከው» አለችው።

አግቤኮ ገና ሽማግሌ አልነበረም። ግን አልተከራከራትም፤ ኋላ ተቀመጠ፣ የባለሞተሩን ወገብ ያዘ። ሞተሩ ሲነሳ ዞር ብሎ አየ። ሴናም ጀርባዋን ሰጥታው ወደ አክስቲቱ ቤት እየተመለሰች ነበር፤ እየፈጠነች።