ከጺሜ የሸሸው ክሪስታል

ያን ጊዜ ጺሜ ደረቴን አልፎ ይወርድ ነበር። ባዝል ከተማ ውስጥ፣ ከራይን ወንዝ ወዲህም ሆነ ወዲያ፣ የሚስተካከለው አልነበረም። የትራም ነጂዎች ሳይቀሩ ፍጥነታቸውን ቀነስ አድርገው አይተውት ያልፉ ነበር። አሁን ይህን የማነሳው ለጉራ አይደለም፤ የሰው ነፍስ የተንጠለጠለችበት ጺም ስለሆነ ነው። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

ያ የድሮው ላቦራቶሪያችን ዛሬ የለም። አፍርሰው መስኮቱ የማይከፈት የመስታወት ሕንፃ ተክለውበታል። የእኛው ግን ጡብ ነበር፤ ወለሉ ደግሞ አያቶቻችን የጨርቅ ማቅለሚያ ሲቀምሙበት የጠጣውን ሰማያዊ ቀለም ጨርሶ ያልተፋ እንጨት። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ካልሲያችን ሰማያዊ ይሆናል። ማታ ቤት ስንገባ ሚስቶቻችን ኮታችንን አሽትተው ቀኑን ምን ስናፈላ እንደዋልን ይነግሩናል። አሁን ያሉት ልጆች ምንም አይሸቱም። ያሳዝኑኛል።

መድኃኒቱን የሠራሁት እዚያ ነው። ሌሎች ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎችም በአካባቢው ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ዓይነት የደም ካንሰር፣ ነጭ የደም ሴል ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን መዝጊያው እንደተሰበረ ቧንቧ ይሆናል፤ ቀንና ሌሊት «ተባዛ፣ ተባዛ» እያለ ትእዛዝ ያፈስሳል። ይህ ፕሮቲን ነዳጁ የሚቀመጥባት አንዲት ጎድጓዳ ስፍራ አለችው። እኛ ያሰብነው ነዳጁ ከመድረሱ በፊት ቦታዋን የሚይዝ፣ ተውጦ ከሆድ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ሴሉ ውስጥ ሾልኮ የሚገባ ትንሽዬ ሞለኪዩል ነበር። የመጀመሪያው ባለጌ ወጣ፤ የማንንም ፕሮቲን ጎድጓዳ እየገባ ይቀመጣል። አንድ ጥጉ ላይ አንዲት ካርቦን ስንለጥፍበት ጨዋ ሆነ፣ የሰው ቤት መግባቱን ተወ። ግን ውኃ ውስጥ እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። ውኃ የሚወድ ጅራት ቀጠልንለት። እንዲህ እያልን አራት መቶ ያህል ሠርተን ጣልን። አብዛኞቹን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጓደኞቼ ሌላ ይላሉ።

ኤሚል ቡዘርን የማውቀው ከዚያ በፊት ነው። በየማለዳው ከወንዙ አንድ ዳር፣ ከትንሿ ባዝል፣ ማዶ ወዳለችው ወደ ትልቋ የሚያሻግረኝ ጀልበኛ ነበር። ጀልባው ሞተር የለውም፤ ከላይ በተዘረጋው ገመድ ታስሮ ወንዙ ራሱ እየገፋ ያሻግረዋል፣ ኤሚል መሪውን ይዞ ያወራል። አንድ ክረምት ላይ ቀለሙ ጠፋ፣ ሆዱ በግራ በኩል አበጠ፣ ወደ ጀልባው የሚያወርደውን ደረጃ መልሶ መውጣት አቃተው። ያ ካንሰር ነበር። ሆስፒታሉ መድኃኒታችን ከሚሞከርባቸው ሰዎች አንዱ አደረገው። ሐኪሞቹ ማን ምን እንደሚወስድ አይናገሩም፤ ኤሚል ግን በሁለት ወሩ ወደ መሪው ተመልሶ ለተሳፋሪው ሁሉ ተናግሮ ጨረሰ።

«አንተ ጺማሙ! ይሄ ቢጫ ነገር ያንተ ነው አሉ?»

«ከጫፍ እስከ ጫፍ የእኔ ነው።»

«ለዚህ ነዋ ሆዴን የሚያገላብጠኝ። ከገባ በኋላ ዝም አይልም፣ ልክ እንዳንተ።»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ። በሕይወቴ ሁለት ሽልማት ተቀብያለሁ፤ ሁለቱም ያችን ማለዳ አያክሉም።

ሐምሌ ላይ ጉድ ፈላ። አዲስ የሠራነው መድኃኒት ክሪስታሉ ሌላ ሆኖ ወጣ። ሞለኪዩሉ ያው ነው፣ አንዲት አቶም አልተለወጠችም፤ የተለወጠው አደራደሩ ነው። በአንድ ዓይነት ጡብ ሁለት ግንብ መገንባት ይቻላል። የድሮው ግንብ ክፍተት ነበረው፣ ውኃ ገብቶ ይንደዋል፣ መድኃኒቱ ወደ ደም ይገባል። አዲሱ ግን ጥቅጥቅ ያለ ነጭ አሸዋ፤ በሆድ ገብቶ እንዳለ የሚወጣ። አቅልጠን ደግመን ብናረጋው ያው አሸዋ። ከዚህ የባሰ ደግሞ አንዴ ከተወለደ በኋላ ዓይን የማያየው ብናኙ ያረፈበትን ፈሳሽ ሁሉ የራሱን ቅርጽ ያስይዘዋል። ከድሮው ክሪስታል የተረፈንን ቁንጣሪ፣ ዘር ሆኖ መልኩን እንዲያስይዘው ብለን፣ ብንጨምር እንኳ አሸዋው ይቀድማል።

ግድግዳውን አጠብን። ሌላ ሕንፃ ወስደን ሞከርን፤ እኔ ሄጄ አሳየኋቸው፣ ዓይኔ እያየ አሸዋ ወረደ። ከከተማው ውጪ ወዳለው ፋብሪካ ሄድን፤ አሁንም እኔ ቆሜ አሳየሁ፣ አሁንም አሸዋ። ያን ዕለት በምሳ ሰዓት ከሳህኔ ቀና ስል ሁሉም የሚያዩት ጺሜን ነው።

በኬሚስቶች ዘንድ ይህ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ጺም እንዲህ ያለውን የክሪስታል ዘር ይሸከማል። ግን ሦስት ላቦራቶሪ ያዳረሰ ጺም እስከዛሬ ከእኔ ሌላ አልሰማሁም።

የኤሚል ካፕሱሎች የሚበቁት እስከ ነሐሴ መጨረሻ ብቻ ነበር። ካቆመ ቧንቧው እንደገና ይከፈታል።

ያን ጊዜ ነው ዶክተር ኦቲሊ ቶመን ትዝ ያሉኝ። ሥራ ስጀምር አለቃዬ ነበሩ፤ ይህ ሞለኪዩል ገና ሳይታሰብ ለቀው፣ ወንዙ ዳር ያለውን የአባታቸውን ፋርማሲ ወርሰዋል። ከጓሮው መድኃኒት ለመቀመም የተፈቀደለት ላቦራቶሪ አለ። ከእኛ ጋር ምንም ንክኪ የለውም፤ የአሸዋው ብናኝ አልደረሰበትም። በስልክ ለመንኳቸው።

«እሠራለሁ» አሉ። «ዕቃው ሁሉ አዲስ ይገዛ። ከእናንተ አንድ ብልቃጥ እንዳይመጣ። አንተ ደግሞ ደጄን እንዳትረግጥ።»

«ጺሜን እላጫለሁ፣ ዶክተር።»

«ምላስህንም ብትላጭ አትገባም።»

ተላጨሁ። ጓደኞቼ የወደቀውን ጸጉር እንደ መርዝ በከረጢት አሽገው ወሰዱት። ሚስቴ በሩን ከፍታ «ማን ልበል?» አለችኝ።

የመድኃኒት ባለሥልጣኑ ፈቃድ ሰጠ፣ ሥራው ተጀመረ። የአሠራሩን ሂደት በስልክ ነገርኳቸው፤ የመጨረሻው ማርጋት፣ ፈሳሹ ክሪስታል የሚሆንበት፣ ግን በንግግር የሚያልቅ ነገር አይደለም፣ መታየት አለበት። እኔ ደግሞ መግባት አልችልም። መፍትሔው ወንዙ ነበር።

እኛ በበጋ ከሥራ ስንወጣ ልብሳችንን ውኃ በማያስገባ ከረጢት ጠቅልለን፣ ከረጢቱን ታቅፈን በራይን ላይ እየተንሳፈፍን ወደ ቤት እንሄዳለን። የዶክተር ኦቲሊ መስኮት ከወንዙ በላይ ነው። ተስማማን፤ እሳቸው ብልቃጡን ይዘው መስኮቱ ላይ ይቆማሉ፣ እኔ ከታች እያለፍኩ አያለሁ። ወንዙ ደግሞ ቆመህ እይ አይልም።

በመጀመሪያው ምሽት ብልቃጡ ውስጥ እንደ ወተት የደፈረሰ ነገር አየሁ።

«ቸኩለዋል፣ ዶክተር!» ብዬ ጮህኩ። «ቀስ ብሎ ይብረድ! እንደ ሾርባ አያናፍሱት!»

«ማንን ነው የምታስተምረው?»

«ብልቃጡን ደግሞ አይወዝውዙት!»

«ዝም ብለህ ዋኝ!»

ወንዙ ዳር ቢራ የሚጠጣው ሕዝብ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ሁለት ሺህ ሰው ይሆናል። በማግስቱ መስኮቱ ተዘግቶ አገኘሁት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማለዳ ጀልባው ላይ ኤሚል ዞር ብሎ ተላጭቶ የቀላ አገጬን አየ። አልሳቀም።

«ሰባት ካፕሱል ቀርቶኛል» አለ ቀስ ብሎ። «እውነቱን ንገረኝ። ጉራህን ተወውና።»

«አላውቅም፣ ኤሚል» አልኩት። ከአፌ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ነበር፤ ለሁለታችንም እንግዳ ሆነብን።

ያን ምሽት ስደርስ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዶክተር ኦቲሊ በሁለት እጃቸው ብልቃጡን ከፍ አደረጉት፤ የምታዘቀዝቀው ፀሐይ በውስጡ አለፈች። ቢጫ ነበር። እንደ ላባ የሳሱ፣ እርስ በርስ የተደጋገፉ ቢጫ መርፌዎች። ከዚያ ትንሽ ቆንጥረው ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣሉት፣ አማሰሉት፣ ብርጭቆውን አነሡልኝ። ጠራ ያለ ውኃ! ልጮህ አፌን ስከፍት ግማሹን ራይን ጠጣሁት። ድልድዩ ሥር እስክደርስ እያሳለኝ ነበር፤ አብረውኝ የሚዋኙት ሰዎች የማለቅስ መስሏቸው ነበር። የወንዝ ውኃ ነው አልኳቸው።

ከጥራት ምርመራው በኋላ፣ የተሞሉትን ካፕሱሎች ዶክተር ኦቲሊ ራሳቸው ወደ ሆስፒታሉ ወሰዱ። ያው ወንዝ መሻገር አለባቸው፣ ያው በኤሚል ጀልባ። እኔ እንዳልጠጋ ተከልክያለሁና ከወዲህኛው ዳር ደረጃ ላይ ቆሜ አየሁ። እሳቸው ሳጥኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። መሐል ላይ ሲደርሱ ኤሚል ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቃቸው፤ ሳጥኑን አንሥተው ሰጡት። መሪውን በክንዱ ደግፎ፣ ሳጥኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ ወንዙ እስኪያሻግራቸው ድረስ እንዲያው ያየዋል። ያን ሁሉ ዓመት ስለፋበት የኖርኩት ነገር እጁ ላይ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ግን እኔ በጣቴ እንኳ አልነካሁትም።

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና ድምፁ ወንዙን ተሻገረ፦

«ጺማሙ! ጺምህን ለእኔ ብለህ ነው የተላጨኸው?»

«ላንተ ነው!»

«ፊትህ እንዲህ መሆኑን ባውቅ ኖሮ መድኃኒቱ ይቅርብኝ ነበር!»

በኋላ ሞለኪዩሉን ከአንድ አሲድ ጋር አጋብተን ጨው አደረግነው፤ ያ ደግሞ ሁልጊዜ ውኃ በሚንደው ቅርጽ ነው የሚረጋው፣ የአሸዋውም ጣጣ አበቃ። ዶክተር ኦቲሊ አርፈዋል። ፋርማሲያቸው ዛሬ መነጽር ይሸጥበታል፤ ያ መስኮት ግን እንዳለ ነው፣ በበጋ ሥሩ ስንሳፈፍ ሳላስበው ቀና እላለሁ።

ኤሚል መሪውን ለወንድሙ ልጅ አስረክቦ አሁን በጡረታ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት እንክብሉን ውጦ ይመጣና የድሮ ጀልባው ላይ እንደ ተሳፋሪ ይቀመጣል። እኔም አንዳንዴ ጺሜን እንደገና ላሳድገው እልና ሁለት ቀን ሳልላጭ እሄዳለሁ። እግሬ ጀልባውን ሳይረግጥ ኤሚል የራሱን አገጭ በመዳፉ ያሻሽና ወደ መጣሁበት ደረጃ በጣቱ ያሳየኛል። ተመልሼ ሄጄ ተላጭቼ እመጣለሁ።