በልክ የተሰፋ ድንኳን

ልብስ ሰፊው ሱቁን ዘግቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ቁራሽ መሬት ሲገዛ፣ ስለ እርሻ የሚያውቀው ፍየል ከፊት እንደምትበላና ከኋላ እንደምትታለብ ብቻ ነበር። እሱንም የተረዳው ከተገላቢጦሹ ጀምሮ ነው። ዛሬ ግን ጥቂት ፍየሎች፣ ዶሮዎችና አንድ ኩሩ አህያ አሉት። የጎደለችው ሚስቱ ናት።

«በፍየል ጩኸት ልነቃ ነው ያገባሁህ?» እያለች ከከተማው ቤት ንቅንቅ አልል ብላ ከርማ፣ በመጨረሻ ተረታች።

«አንዲት ሌሊት አድራለሁ። ካልተመቸኝ ፍየሎችህን ሸጠህ አርፈህ ትመለሳለህ። ደግሞ እዚያች ጎጆህ ውስጥ አልገባም፤ አይጥ ተከራይቷታል።»

«ድንኳን እተክልልሻለሁ!»

ሰዎች ከሱቅ ግዛ ቢሉት «ዳቦ ጋጋሪ ዳቦ ሲገዛ አይታችኋል?» ብሎ ሸራውን ዘረጋ። መለኪያ ሜትር አላስፈለገውም፤ የሚስቱን ልክ በእንቅልፍ ልቡ ያውቀዋል። በሩን እንደ ኮት አንገት አጠፈው፣ ቁልፍ ተከለለት፣ ከውስጥ ለመነጽሯ ኪስ አወጣለት። በቀጠሮው ቀን ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ ለሠርጉ ቀን እንኳ ያላደረገውን፣ ጺሙን ሁለቴ ተላጨ።

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው እናቷን በመኪና ይዛ ከች አለች። ሚስቱ ለሰላምታ እንኳ ፋታ አልሰጠችውም። ሱቁ ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ የእሱን ስፌት ስትጨርስ የኖረች ናትና፣ ቀጥ ብላ ሄዳ የድንኳኑን ጠርዝ ገልብጣ መረመረች።

«ስፌቱ ምንም እንከን አይወጣለትም» አለች። ልብስ ሰፊው በደስታ መሬት ጠበበችው።

ገብታ ተጋደመች። ራሷ ልክ፣ እግሯ ልክ፣ ትከሻዋ ልክ።

«ኧረ እንደ ጓንት ነው!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። ቀጥሎ ጭንቅላቷ ብቅ አለ። «አንተስ የት ልታድር ነው?»

ሰፊው ድንኳኑን አየ። ራሱን አየ።

ልጅቷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አባዬ! ራስህን ረሳኸው?»

«ደንበኛ ይለካል እንጂ ሰፊ ይለካል እንዴ?» አለ እየተንተባተበ። «ግድ የለም፣ እኔ ከፍየሎቹ ጋር...»

«ከፍየሎቹ ጋር? እንግዲያው እነሱን ማግባት ነበረብህ። ብቻዬን አላድርም። ልጄ፣ መኪናውን አስነሺው።»

«ቆይ! ጀንበር ሳትጠልቅ ሰፋ አደርገዋለሁ!»

«በምኑ? ጨርቅ ተርፎሃል?»

ተርፎት ነበር። ችግሩ፣ ከትርፉ ሸራ ለአህያው ካፖርት ሰፍቶለታል። አህያውም ወሬውን የሰማ ይመስል ከነካፖርቱ ወደ አጥሩ ፈረጠጠ። አባት ከኋላ፣ ልጅ ከጎን፣ ዶሮዎቹ በሁሉም አቅጣጫ። «ያዘው!» «አንቺ ያዢው!» «አባዬ፣ ቁልፉን ፍታ!» «ድርብ ቁልፍ ነው፣ እንዳይፈታ ብዬ እኮ ነው የሰፋሁት!»

ካፖርቱን ገፈው እያለከለኩ ሲመለሱ፣ ሚስቱ ከቦርሳዋ መቀስ አውጥታ የድንኳኑን አንድ ጎን ተርትራ ጨርሳለች። መኪናው ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

«ወዲህ በለው» አለች፤ ሸራውን ነጥቃ አንዱን ጫፍ በጥርሷ ያዘች። እንደ ዱሮው እሱ ከላይ፣ እሷ ከታች እየሰፉ መሐል ላይ ተገናኙ። አህያው ራቁቱን ቆሞ ታዘባቸው።

«የመጋጠሚያውን ስፌት ደርበው» አለች ቀና ሳትል። «ክረምት ሲገባ እንዳያፈስብን።»

ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ብሏል። ዝናቡ ገና ብዙ ወራት ይቀሩታል። ሰፊው አዲስ ክር መዘዘ። ለብቻው እየሳቀ የመርፌዋን ቀዳዳ ደጋግሞ ሳተው።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም» አለ። «መርፌዋ ናት የምትስቀው።»