ሦስተኛዋ ምስክር

ማዘንጊያ ቀበሌ መሄድ ትጠላለች። አግዳሚው ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ፣ ንግግሩ ማለቂያ የለው፤ ወገብ ተቆራርጦ ሲነሱ የተገኘ ነገር የለም። ያን ቀን ግን ፀሐዩ ሳይከር ጎረቤቷ የሺአረግ መጥታ በሯ ላይ ቆመች።

"ተነሽ እንጂ እትዬ! ሊቀመንበሩ ጫቱን ይዞ በርጫ ሳይቀመጥ እንድረስበት።"

የየሺአረግ አንድ ልጅ በዛብህ የጤና ረዳት ማሠልጠኛ ስሙ ወጥቶለታል። በሽተኛ የሚነካ ሁሉ ጠባዩ ይጣራ ተብሎ፣ ፖሊስ አሻራውን መርምሮ ከወንጀል ነፃ ነው ብሎታል። የቀረው የሰፈር ምስክር ነው፤ ሦስት ጎረቤት ቀርቦ "ይህ ልጅ ደካማ ሰው ቢሰጡት አይበድልም" ብሎ ጣቱን ያትማል። ሁለቱ አትመዋል። ማሠልጠኛው ካልተቀበለው ደግሞ ብሔራዊ ውትድርና አለ። ባለፈው ዙር ከሰፈሩ የተወሰዱት ልጆች እንኳን ሊመለሱ፣ ወሬያቸውም አልተሰማ።

ማዘንጊያ ይህን ታውቃለች። ሌላም ታውቃለች።

ባሏ ሣህሉ ከምድር ባቡር ጡረታ በወጣ በዓመቱ ደም ግፊት ጣለው፤ ግማሽ አካሉ ሞተ፣ ምላሱ ተሳሰረ። እሷ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ስትቸረችር በዛብህ ከትምህርት ቤት መልስ ይጠብቀው ነበር። አገር ሁሉ "የተባረከ ልጅ" አለ፤ እሷም አለች። አንድ ቀን ገላውን ስታጥበው ጭኑ ላይ የቁንጥጫ ምልክት አየች፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ፣ ጥቁሩ በቢጫው ላይ። የልጁ ድምፅ ከበር ሲሰማ ሣህሉ በደህናው እጁ አንሶላውን ጨምድዶ ያዘ። ከዚያ ወዲያ ገበያ መውጣቷን ተወች። ለምን ቢሏት "ሽንኩርቱ ሰለቸኝ" አለች እንጂ አልተነፈሰችም። ሣህሉ ሲሞት ፍራሿ ላይ አብራት የከረመች የሺአረግ ናት፤ እህት አይደለችም፤ እህት እንኳ ያንን አታደርግም። ምን ብላ ትንገራት?

ቀበሌ ደረሱ። ሊቀመንበሩ ጓድ ዐብዱላሂ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር።

"እማማ፣ ቶሎ እንገላገል አቦ። ልጁ ሌባ ነው?"

"አይደለም።"

"ፀረ አብዮት ነው?"

"ፀረ ሥራ ነው እንጂ!"

አግዳሚው ላይ የተደረደረው ሰው ሳቀ። የሺአረግም ሳቀች፤ ያለቀላት መስሏት።

"ሕመምተኛስ ቢሰጡት በደንብ ይይዛል?"

ማዘንጊያ አውራ ጣቷን መዳፏ ውስጥ ሸሸገች። ሊቀመንበሩ የቀለሙን ሰሌዳ ወደ እሷ ገፋው።

"እማማ?"

"ፋብሪካ አስገቡት። ጨርቃ ጨርቅ በሉት፣ ሲሚንቶ በሉት። ለብረት እመሰክርለታለሁ። ለሰው አልመሰክርም።"

"ኧረ አቦ! ወረቀቱ አንድ ነው፤ ፋብሪካ የሚል የለበትም።"

"ጣቴም አንድ ናት።"

የሺአረግ ከአግዳሚው ተነሳች። "ልጄ ምን አደረገሽ?"

"እኔን ምንም።"

"ለጥይት እየሰጠሽው ነው፤ ታውቂዋለሽ?"

"አውቀዋለሁ፣ የሺዬ።"

ያን ሁሉ ሰው ፊት ቁንጥጫውን ብታወራ ልጁ በድሬ ምድር ቀና ብሎ አይሄድም። ስለዚህ ያችን ብቻ ብላ አፏን ዘጋች። ሊቀመንበሩ ግን ሊጨነቅላት አልፈለገም፤ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ከግቢው ጥላ ሥር ጋሪውን ያቆመውን ሃሺን ጠራው።

"ወሬያ ሃሺ! የየሺአረግን ልጅ ታውቀዋለህ?"

"ረጅሙን?"

"ረጅሙን። ደህና ልጅ ነው?"

"ረጅም ነው።"

"በቃ ና አትም።"

ሃሺ አለንጋውን በብብቱ እንደያዘ አተመና ጣቱን በፈረሱ አንገት ላይ ጠርጎ ሄደ።

ማዘንጊያ የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ብቻዋን ተሻገረች። ስንት ሌሊት የተገላበጠችበት ነገር ለአንድ ባለጋሪ የዐይን ጥቅሻ አልሞላም። ጓደኛዋን አጣች፣ ልጁም ገባ። ከዚያ በኋላ የሺአረግ ቦኖ ውሃ ላይ ካየቻት ጀሪካኗን ባዶውን ይዛ ትመለሳለች።

በዛብህ ወደ ማሠልጠኛው ሊሄድ ሲል መጣ፤ ከተማው በሙሉ በሙቀት ተዘርሮ ውሻ እንኳ በማይንቀሳቀስበት ሰዓት።

"መምጣቴን እናቴ አታውቅም።"

"እንዳታውቅ። ግባ፣ ደጁን አታሙቅብኝ።"

ገባ፤ አልተቀመጠም። "ለምን እንዳላተሙልኝ አውቃለሁ፣ እትዬ። ጋሼ ይከብዱ ነበር። ይሸታሉ፣ ቀኑን ሙሉ ያቃስታሉ። ደከመኝ። አንድ ቀን ቆነጠጥኳቸው... ዝም አሉ።"

"ከዚያማ ቀለለህ።"

ልጁ አንገቱን ደፋ። ማዘንጊያ ለዚህ ቀን ያጠራቀመችው ስድብ ነበራት፤ አጥንት የሚሰብር። ልታወጣው ስትል ከየት ታምጣው። እሷም አቅም አልነበራት። ነጠላዋን አስቀምጣ አልጋው ላይ በጀርባዋ ተዘረጋች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ገላዋን ወጌሻ እንኳ አላስነካችም።

"ና፣ ወደ ጎን አገላብጠኝ።"

"እትዬ..."

"ና አልኩህ! ትልቁ ሥራህ ይኸው አይደል?"

መጣ። አንድ እጁን ትከሻዋ ላይ፣ አንዱን ዳሌዋ ላይ አድርጎ ዐይን ዐይኗን እያየ ቀስ ብሎ አዞራት። ምንም አላመማትም።

"እኔ አፍ አለኝ" አለች ወደ ግድግዳው እንደዞረች። "ሰፈሩ ሁሉ ይፈራዋል። አፍ ላለው ማንም እጁ ለስላሳ ነው።"

እንደገና በጀርባዋ ተኛች፤ እጇን ደረቷ ላይ አጣጠፈች።

"አሁን አልናገርም። አላይህምም። ብትቆነጥጠኝ ለማንም አልናገር፤ በሣህሉ አጥንት ምዬልሃለሁ። ማገላበጡን ድገመው።"

ዐይኗን ጨፈነች። ልጁ ሲተነፍስ ይሰማታል። ብዙ ቆየ፤ ጥሎኝ ወጣ ስትል የሁለት እጆቹ ሙቀት ትከሻዋ ላይ አረፈ። ማዘንጊያ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች።