እጁ ላይ የተቀመጠው አባት

ልጅቷ አባቷ የትምህርት ቤቷን ኮንሰርት እንዲያይ የፈቀደችለት በስንት ልመና ነው። ፈቃዱም ቢሆን ሰንሰለት ነበረው፦ አይጮህም፣ አያፏጭም፣ እናቷ ጎኑን ሳትቆነጥጠው አያጨበጭብም። የመጨረሻውን እንደማያከብር ልቧ ስለነገራት ማሰሪያ ጨመረችበት።

«እጅህ ላይ ትቀመጣለህ» አለችው።

«እጄ ላይ እንዴት ነው የምቀመጠው?»

«መዳፍህን ወንበሩ ላይ ታደርጋለህ፤ ከዚያ ትቀመጥበታለህ። ምኑ ይከብዳል አባዬ?»

«ይደነዝዛል እኮ የኔ እናት።»

«ይደንዝዝ።»

ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። በዚህ ዕድሜ ወላጅ ማለት ቤት ውስጥ ጥሩ የሚያገለግል፣ ሰው ፊት ግን ይዘውት የማይወጡት ዕቃ ነው።

ይሁን እንጂ ፍርዷ ያለ ምክንያት አልነበረም። አባቷ የባትላሜራ ሠራተኛ ነው፤ የተጋጨ መኪና እየቀጠቀጠ መልኩን ሲመልስ ዕድሜውን የፈጀ ሰው። ጋራዡ ውስጥ «ነጎድጓድ» ይሉታል፤ እሱ በሹክሹክታ ያማው ሰው ሦስተኛው ሱቅ ድረስ ይታማል። ሁለት መዳፎቹን ሲያጋጫቸው ደግሞ የመኪና ኮፈን ተንሸራቶ ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ይመስላል።

አምና ታዲያ ይኸው ሰው ጉድ ሠራ። ልጅቷ ከኳየሩ ፊት ወጥታ ብቻዋን ስትዘምር፣ ቀጭኑ ድምፅ ላይ ደርሳ አዳራሹ ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ሲያዳምጣት፣ ነጎድጓድ ከመቀመጫው ብድግ አለና «ጎሽ፣ የኔ አንበሳ!» ብሎ ያንን ኮፈኑን ጣለው። ልጅቷ ደነገጠች፤ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ከኋላዋ የቆሙት ልጆች በሳቅ ፈነዱ። ሳምንት ሙሉ አላናገረችውም። ዘንድሮ መምህርቷ ብቻዋን እንድትዘምር በድጋሚ ስትመርጣት፣ ቤት መጥታ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አሁንም ካቋረጠኝ ኳየሩን እተዋለሁ።» አደርጋለሁ ያለችውን ሳታደርግ የምትቀር ልጅ አይደለችም፤ ግትርነቱን ከማን ወረሰችው ሲባል እናቷ ባሏን ባሏን ታያለች።

ነጎድጓድ ለማንም ያልነገረው ነገር ግን ነበረው። አምና ያጨበጨበው መዝሙሩ ያለቀ መስሎት ነው። የልጅቷ ድምፅ ወደ ላይ ሲወጣ ሲወጣ ቆየና ድንገት ከጆሮው ጠፋ። አፏ ተከፍቷል፤ ድምፅ ግን የለም። ጨርሳ ትንፋሽ የምትስብ መሰለው። ከዚያ ወዲህ ራሱን በድብቅ ሲፈትን ከረመ። የማንቆርቆሪያው ፉጨት የለም። የስልኩ ጥሪ የለም። አንድ ቀን ሚስቱን «እነዚያ ወፎች ከግቢያችን የሄዱት መቼ ነው?» ቢላት፣ «የት ሄዱ? ይኸው እየጮሁ አይደል?» አለችው። ወፍራም ወፍራሙን ይሰማል፤ ቀጭን ቀጭኑን መዶሻው በልቶበታል። ሚስቱ ስትጠራው ዝም ሲላት ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ ይመስላት ነበር፤ እሱም እንደዚያ ቢመስላት መረጠ። ደንቆሮ ከሚሉት ንቆ ነው ቢሉት ይሻለዋል፤ ወንድ ልጅ ሲባል እንዲህ ጅል ነው።

በኮንሰርቱ ቀን ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ራሷ የሰፋችውን ሸሚዝ እስከ አንገቱ ቆልፋ እየነዳች ወሰደችው። ምናልባት ቶሎ መውጣት ቢያስፈልግ ብላ በሩ አጠገብ፣ ከትልቁ ድምፅ ማጉያ ሥር ቦታ ያዘች። ወንበሮቹ የብረት ናቸው። ነጎድጓድ ገና ሳይቀመጥ የራሱን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው።

«ይሄ ቆርቆሮ ነው ወይስ ወረቀት? ብሎኑም ላልቷል።»

«ተቀመጥ» አለችው ጥርሷን ነክሳ።

«ይንቀጫቀጫል እያልኩሽ ነው።»

ከፊታቸው የተቀመጠው ራሰ በራ ሰውዬ ዞሮ ገላመጣቸው። ነጎድጓድ በሹክሹክታ ነበር የተናገረው።

እጁን ከሥሩ አድርጎ ተቀመጠ። ርዕሰ መምህሩ ሙዚቃ ለልጆች ስላለው ጥቅም፣ ሰው ሙዚቃ እስኪጠላ ድረስ ተናገረ። ከዚያ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሱት ልጃገረዶች ተሰልፈው ወጡ፤ ወላጅ ሁሉ ስልኩን ሰቀለ። ሁሉም የራሱን ልጅ ብቻ እያየ የኳየሩን አንድነት ያደንቃል። የራሰ በራው ልጅ ዳር ላይ ቆማ አፍንጫዋን ስትጎረጉር ሰውዬው ያንንም በደንብ ቀረጸው።

አንድ መዝሙር ባለቀ ቁጥር ሚስቱ ጎኑን ትቆነጥጠዋለች። ነጎድጓድም እጁን አውጥቶ፣ እንደ ጨዋ ሰው፣ ጣቶቹን በጣቶቹ ነካ ነካ ያደርግና መልሶ ይቀመጥባቸዋል። «ጎበዝ» አለችው፣ ምግቡን እንደጨረሰ ሕፃን።

በመጨረሻ ልጅቷ ወደ ፊት ወጣች። ነጎድጓድ ወደ ፊት ዘንበል አለ። ዝቅ ብላ ስትጀምር ይሰማዋል፤ ቃሉንም አንድ ሳይቀር ያውቀዋል፣ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሲያዳምጣት ከርሟልና። ድምፅዋ ወጣ። አሁንም ወጣ። ከዚያ ጠፋ።

አፏ ተከፍቷል፤ ዓይኖቿ ተጨፍነዋል። ለእሱ ግን አዳራሹ ጭጭ ብሏል። አልቆ ይሆን? ሚስቱን በዓይኑ ጠርዝ አያት። እንባዋ እየወረደ ነው፤ መቆንጠጡን ጭራሽ ረስታዋለች። እንግዲህ አላለቀም ማለት ነው። ልጁ ሰው የሚያስለቅስ ነገር ይዛ ቆማለች፤ ባዳው ሁሉ ይሰማል፣ የማይሰማው አባቷ ብቻ ነው። ቅናት አንገበገበው፤ በዚያ በራሰ በራው ሰውዬ ሳይቀር ቀና።

ይሄኔ ወንበሩ ከሥሩ ነዘረ።

መጀመሪያ የደነዘዘው እጁ መሰለው። ነገር ግን በእሱ ሙያ ሰው የሚያምነው መዳፉን ነው፤ ዓይን ያላየውን የመኪና ፓራፋንጎ ስርጉድ ዳብሶ ያገኘዋል። ዓይኑን ጨፈነ። ያ የላላ ቆርቆሮ በቀጭኑ ይርገበገባል። ዓይኑን ገልጦ ልጅቷን አያት። ቀና ስትል ንዝረቱ ይበረታል፤ ትንፋሿ ሲሳሳ ይሳሳል። እሷ ናት። ከዚያ መድረክ ላይ ሆና፣ በዚህ በማይረባ ወንበር በኩል፣ መዳፉ ውስጥ ትዘምርለታለች። ነጎድጓድ ሙሉ ክብደቱን እጁ ላይ ጣለና ለመስማት ጣረ።

ንዝረቱ ቆመ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ሰው ሁሉ ተነሳ። ሚስቱ በሐሳብ ከሄደችበት ተመልሳ ቆነጠጠችው፤ አሁንም ደገመችው፣ ቆዳው እስኪላጥ። እሱ ግን ምናልባት ትቀጥል ይሆናል ብሎ እጁን አላወጣም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ነጎድጓድም ወንበሩን እንደያዘ ቀረ። ልጅቷ ዓይኗን ስትገልጥ፣ በቆመው ሰው መሃል አንድ ተቀምጦ የቀረ ሰው አየች። አባቷ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ስታገኛቸው ፊቷ ጠቁሯል።

«አላማረህም?» አለችው።

«እጅህ ላይ ተቀመጥ አልሽኝ፣ ተቀመጥኩ።»

«እማዬ አልቆነጠጠችህም?»

«እንዴት አድርጌ» አለች እናትየው። «ሐኪም ጎኑን ቢያየው እኔ ነኝ የምታሰረው።»

ልጅቷ አልሳቀችም። «አምና ሳልጨርስ አጨበጨብክ፤ ዘንድሮ ስጨርስ እምቢ አልክ። ታፍርብኛለህ እንዴ አባዬ?»

ነጎድጓድ ይህን ሲሰማ ኩራቱ ሁሉ ከላዩ ረገፈ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አጠገቡ ያለ ሰው ብቻ እንዲሰማው አድርጎ ተናገረ።

«አይሰማኝም።»

«ምኑ?»

«ላይ ስትወጪ። ከጆሮዬ ትጠፊያለሽ። አምናም ያለቀ መስሎኝ ነው። ዛሬ ግን ወንበሩ ነዘረልኝ፤ እጄን ካወጣሁ የማጣሽ መስሎኝ ፈራሁ።»

ሚስቱ አፏን ያዘች። «ታዲያ እኔ ስጠራህ ዝም የምትለኝ ለዚህ ነው?»

«እሱን እንኳ ግማሹን ሰምቼ ነው።»

ልጅቷ እጁን ይዛ ወደ አዳራሹ መልሳ ጎተተችው። ጽዳት ሠራተኛዋ ወንበሮቹን ማነባበር ጀምራለች፤ ድምፅ ማጉያው ጠፍቷል። ነጎድጓድ በሩ አጠገብ የቀሩትን ወንበሮች በየተራ ኳ ኳ እያደረገ የራሱን አገኘው።

«ተቀመጥ» አለችው። «እጅህን ከሥር።»

ተቀመጠ። ከኋላው መጥታ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች፤ ጎንበስ ብላ አፏን ወደ ቆርቆሮው አስጠጋችና ያንኑ መዝሙር ከዝቅታው ጀምራ ወደ ላይ ወሰደችው። ጽዳት ሠራተኛዋ ወንበር እንደታቀፈች ቆመች። የነጎድጓድ ጆሮ ልጅቷን ከሸኛት በኋላ መዳፉ ተቀበላት። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጢሙ እንባ በእንባ ሆኖ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጣት።

ንዝረቱ ሲያቆም አወቀ። ግን አልተነቃነቀም። ሚስቱ ልትቆነጥጠው ጣቷን ስትዘረጋ፣ ልጅቷ በዓይኗ ከለከለቻት። ዞራ ፊቱ ቆመች።

«አሁን፣ አባዬ» አለችው።

ነጎድጓድ ብድግ ብሎ እጁን ፈታና ሁለት መዳፎቹን አጋጫቸው። ጽዳት ሠራተኛዋ ደንግጣ የታቀፈችውን ወንበር ለቀቀችው፤ ሲወድቅ ግን ማንም አልሰማውም።