ማበጠሪያው ላይ የታጣው ፀጉር

ወይዘሮ እህተማርያም ማበጠሪያውን ወደ ብርሃን አስጠግተው ገለባበጡት። አንድ ፀጉር እንኳ የለበትም። ትራሱን አራገፉ፤ የለም። የመታጠቢያ ቤቱን ፍሳሽ ጎረጎሩ፤ ሳሙና ብቻ።

«ታዲያ የት ይገባል?» አሉ ለብቻቸው።

ከሕፃንነቷ ጀምረው ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው ሮዳስ፣ ከግራ ጆሮዋ በላይ ሎሚ የሚያህል ቦታ ተመልጣለች። «ሻምፖው ነው» አለች፤ ሻምፖውን ደፉት። «ውኃው ነው» አለች፤ የታሸገ ውኃ ገዝተው አጠቧት። መላጣው ግን ሰፋ እንጂ አልጠበበም። በራሱ የረገፈ ፀጉር የሆነ ቦታ ወድቆ ይገኛል። ካልተገኘ የሚለቅመው ሰው አለ ማለት ነው። መናኸሪያ አካባቢ ሹሩባ የምትሠራት ታቢታ ደግሞ መስኮቷ ላይ የሰው ፀጉር ሰቅላ ትሸጣለች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል!

ነጠላቸውን ደርበው ባጃጅ ተሳፈሩ።

ታቢታ አንዷን ደንበኛ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስቀምጣ የሌላዋን ትጎነጉናለች።

«እማማ፣ ይግቡ እንጂ! እርስዎንም እናሳምርዎት?»

«አፌን አታስከፍቺኝ። ያ የተሰቀለው የማን ፀጉር ነው?»

«ከቻይና የመጣ ነው፣ እማማ።»

«የሮዳስን ይመስላል።»

ካስክ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ሳቋን ለቀቀችው። «ሮዳስ ወገቧ ድረስ ፀጉር ካበቀለች እኔም እገዛዋለሁ!»

ታቢታ ግን አልሳቀችም። ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማማ፣ ሮዳስ እኮ ከፋሲካ ወዲህ እዚህ አልመጣችም። ያን ጊዜ ቦታውን አይቼ ሐኪም አሳዪው ብላት ተቆጥታ ወጣች። አልነገረችዎትም?»

አልነገረቻቸውም። መንገዱን ሁሉ ሲያብሰለስሉ መጡ። ልጅቱ ራሷ ምን ትደብቃለች? የማይሆን ነገር ትቀባለች? ወይስ አንዱ አሳስቷት ይሆን?

ቤት ሲደርሱ ድምፅ ሳያሰሙ በመጋረጃው ጥግ አጮለቁ። ሮዳስ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደርሶባት መጽሐፍ ላይ ተደፍታለች። ቀኝ እጇ ይጽፋል። ግራ እጇ ቀስ ብሎ ወደ ራሷ ወጣ፤ አንድ ፀጉር ጣቷ ላይ ጠመጠመና ነቀለ። ሮዳስ ዓይኗን ከመጽሐፉ ሳታነሳ ፀጉሩን በመስኮት ወረወረችው። ከመስኮቱ ማዶ ካለው ሐይቅ የሚመጣው ንፋስ ወሰደው።

«ልጄን!» ብለው ገቡ። «ማን አዘዘሽ? ማን ምን አበላሽ?»

ሮዳስ ደንግጣ ሻርፗን ጎተተች። «ማንም። ስፈራ እጄ ራሱ ይሄዳል፣ እማዬ። ልተው እላለሁ፣ እምቢ ይለኛል።»

«ምን ያስፈራሻል? እኔ እያለሁ?»

«ብወድቅስ? ሰፈሩን ሁሉ ‹ዶክተሯ› አስብለሽኝ፣ በየት በኩል አልፋለሁ?»

ወይዘሮ እህተማርያም ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ መላጣውን ሲያዩ መልሰው ዘጉት።

«ነገ ሐኪም ጋ እንሄዳለን» አሉ በመጨረሻ።

«ሰው ያየኛል።»

«ይይሻ! የሰፈሩን አፍ ለእኔ ተዪው። ‹ዶክተሯ› ያለሽን ሰው እኔ አነጋግረዋለሁ።»

ወንበር ስበው በግራዋ በኩል ተቀመጡና እጇን ጭናቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ያዙት።

«በዚያኛው ጻፊ። ይቺ እኔ ጋ ትቆይ።»

ሮዳስ ሳቅም ለቅሶም ተቀላቅሎባት ወደ መጽሐፏ ተመለሰች። ግራ እጇ አንድ ሁለቴ ወደ ላይ ሊሄድ ሞከረ፤ አጥብቀው ያዙት። ያኛውም እንዳይጀምር ቀኝ እጇንም በጎሪጥ ይመለከቱት ጀመር።