የዘይት ቆርቆሮው

ኖሪስ ታክሬይ ሰው ማሳቅ ይወዳል። ሳቅ ደግ ነገር ነው፤ ሳቅ ባይኖር በእንግሊዝ የዮርክሸርን ዝናብ ማን ይችለው ነበር? ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ወጣ፤ ከወጣ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ በሃዘርደን ከተማ በሠራተኞች ክበብ ድምፅ ማጉያውን ይይዝና ይቀልዳል። የተቀለደበትም ሰው አብሮ ይስቃል። ደንቡ ነው። ያልሳቀ እንደሆነ “ቀልድ አያውቅም” ይባላል፤ በዚያ አገር ይህ ስም ሌባ ከመባል ብዙ አይሻልም።

ከኖሪስ ልጅነት ጀምሮ ሕዝቡ ሁሉ ቅዳሜ ምሽት የሚያየው የቴሌቪዥን ታሪክ አለ፤ ጀግናው “ባለፋኖሱ” ነው። በጀልባው ከዓለም ወደ ዓለም እየቀዘፈ፣ ጨለማ የዋጣቸውን ያወጣል። የሞተ እንደሆነ ፋኖሱን ያነሣ ሰው ባለፋኖሱን ይሆናል፤ ትዝታውንም ልቡንም ይወርሳል። ተዋናይ ባረጀ ቁጥር ታሪኩ በዚህ እየታደሰ ኖረ። ከኋላው ደግሞ ሁልጊዜ የዘይት ቆርቆሮ የያዘች ልጅ ትከተለዋለች። የእሷ ሥራ መጮኽና መውደቅ ነው።

በሃዘርደን የበጋ ሰልፍ ላይ ባለፋኖሱን ሆኖ የሚወጣው ኖሪስ ነው። ካፖርቱን ለብሶ፣ ፋኖሱን ከፍ አድርጎ ከሙዚቃው ጓድ ኋላ ይሄዳል። የዘይት ቆርቆሮውን የምትይዘው ልጁ ሮዊና ናት፤ ከትንሽነቷ ጀምሮ። ዳቦ ቤቱ ፊት ሲደርሱ ትወድቃለች። ኖሪስ ዞር እንኳ ሳይል “ተነሺ እንጂ! ዓለም አንቺን አይጠብቅም!” ይላል። ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል። ይህን ቀልድ የፈጠረው እሱ ነው።

ሰልፉም የራሱ ደንብ አለው። ባለፋኖሱ በቴሌቪዥን ሲቀየር፣ በሰልፉም ፋኖሱ ወደ ሌላ እጅ ይተላለፋል። ኖሪስ ራሱ ከሽማግሌው ከፐርሲ የተረከበው እንዲሁ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ባለፋኖሱ በተቀየረ ጊዜ፣ ኖሪስ አንዴ ሰው ሠራሽ ጠጉር ደፍቶ፣ አንዴ ጺሙን ተላጭቶ “ይኸው እኔም ተቀየርኩ!” አለ። ሰው ሳቀ፤ ፋኖሱም እሱው ዘንድ ቀረ።

በዚህ ዓመት ታዲያ በቴሌቪዥኑ ፋኖሱን ያነሣችው ሴት ሆነች።

“ሰማችሁ ወይ?” አለ ኖሪስ በክበቡ መድረክ ላይ። “እንግዲህ ዓለም አለቀላት! ፋኖሱን ከቦርሳዋ ውስጥ ፈልጋ እስክታገኘው፣ ጨለማው በልቶን፣ አፉን ጠርጎ ይሄዳል!”

ጠረጴዛው ተደበደበ።

“ጀልባዋንስ? አቆማለሁ ስትል ሁለት ዓለም ገጭታ ነው የምትመለሰው!”

“አንተ ኖሪስ!” አለ ሥጋ ሻጩ ክሌግ ከኋላ። “የራስህ ልጅ አውቶቡስ ትነዳ የለም እንዴ?”

“ታዲያ ለምን በእግሬ የመጣሁ መሰለህ?”

ቤቱ ተናጋ። ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። ሮዊና የሾፌር ልብሷን ሳትቀይር እዚያ ተቀምጣለች። ብርጭቆዋን አንሥታ ሳቀች። ኖሪስ ግን አያት፤ ሳቋ ከጥርሷ አላለፈም። አየና ወደሚቀጥለው ቀልድ ሄደ።

በማግስቱ ካፖርቱን ለሰልፉ ሊለካው አወጣ። ትከሻው እንቢ አለው።

“ሂላሪ!” ብሎ ሚስቱን ጠራ። “ካፖርቱ ነው የጠበበው ወይስ እኔ ነኝ ያበጥኩት?”

ሂላሪ የወጥ ማማሰያዋን እንደያዘች ብቅ አለች። “አውልቀው፤ ትቀደዋለህ። ልጅህ በልኳ አጥብባው ነው።”

“በልኳ? ለምን?”

“ሴት ሆነች አይደል ባለፋኖሱ? ደንቡ እንደዚያ መስሏት። ትናንት ከሥራ በቀጥታ ክበብ የመጣችው ልትጠይቅህ ነበር።”

“ታዲያ ለምን አልጠየቀችኝም?”

“አንተ መቼ አፍህን ዘጋህላት?” አለችና ወደ ምጣዷ ተመለሰች።

ኖሪስ ካፖርቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ። ስፌቱ በእጅ የተሠራ ነው፤ ደቃቅና ቀጥ ያለ። አንድ የድሮ ነገር መጣበት። ሮዊና ገና የትምህርት ቤት ልጅ ሳለች፣ ከሰልፍ ሲመለሱ እናቷ ከጉልበቷ ጠጠር ስትለቅምላት “አባዬ፣ ለከርሞ ፋኖሱን እኔ ብይዘውስ?” አለችው። “ባለፋኖሱ ሹሩባ አለው እንዴ?” አላት። ቤት የነበሩት ጎረቤቶች ሳቁ። እሷም ዙሪያዋን አየችና ሳቀች። እንዲያ መሳቅን ያስተማራት ማን ኖሯል?

ሰኞ ልጁ የምትነዳውን አውቶቡስ ጠብቆ ተሳፈረ፤ መስመሩ የድሮ የራሱ ነው። ከሾፌሯ አጠገብ ቆመ።

“ሮዊና፣ ስለ ሰልፉ…”

“የዚያን ዕለት ተረኛ ነኝ፣ አባዬ።”

“ቀልድ እኮ ነው የኔ ልጅ።”

“አውቃለሁ። ሳቅኩልህ አይደል?”

በጠባቡ ቁልቁለት ላይ፣ እሱ ሁልጊዜ ጎማ ያስነካበት የነበረውን የድንጋይ ጠርዝ ሳትነካ አቆመች። አንዲት አሮጊት “ተባረኪ ልጄ” ብለው ወረዱ። ኖሪስ ወደ ድንጋዩ ጠርዝ ዞሮ አየ።

“ተራሽን ለሌላ ስጪ” አለ። “ፋኖሱ ያንቺ ነው። ድሮም መስጠት ነበረብኝ። ዘይቱን እኔ እይዛለሁ።”

በመስታወቱ አየችው። “ትወድቃለህ?”

“እወድቃለሁ።”

“ዳቦ ቤቱ ፊት?”

“ዳቦ ቤቱ ፊት።”

“አስብበታለሁ። አሁን ውረድ፤ ሰው መንገዱን ዘግተህበታል።”

የሰልፉ ቀን መጣች። ካፖርቱ ለእሷ የተፈጠረ ይመስል ነበር። ኖሪስ ቆርቆሮውን ሲያነሣ ክሌግ የሚስቱን ቀሚስና የከንፈር ቀለም ይዞ ሮጦ ደረሰ። “ልበሰው ኖሪስ! በሳቅ ትገላቸዋለህ!”

እውነቱን ነው። ኖሪስ ቀሚስ ቢለብስ ሃዘርደን ዓመቱን ሙሉ ታወራው ነበር። እጁም ተዘረጋ። ግን ሮዊና ፊቷን ወደ ፊት አድርጋ፣ ፋኖሱን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች፤ ቀሚሱን ከለበሰ የሚታየው እሱ ይሆናል፤ የሚሳቀውም በእሷ ነው። እጁን ሰበሰበ።

“የራሴ ሱሪ ይበቃኛል” አለ። ማንም አልሳቀም።

ዳቦ ቤቱ ፊት ወደቀ። ቀስ ብሎ ሊወድቅ አስቦ ነበር፤ ያረጀ ጉልበት ግን ቀስ አያውቅም። ድንጋዩ ሱሪውን ቀደደው። ከመሬት ሲሰሙት ሳቅ ሌላ ነው፤ ከብዙ ጫማ ይመጣል። ሮዊና ዞር አላለችም። ሳቁ እስኪበርድ ዝም ብላ ቆመች፤ እሱ እንዲህ ጠብቆ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ነው፦

“ተነሥ እንጂ! ዓለም አንተን አይጠብቅም!”

መንገዱ ተናወጠ። ከእሱ የበለጠ ቀልድ ታውቅ ኖሯል። ይህን ሁሉ ዘመን ከኋላው ቆርቆሮ አስይዟት።

በኋላ በክበቡ ወጥ ቤት ወንበር ላይ አስቀምጣው፣ በሞቀ ውኃ ጉልበቱን አጥባ ጠጠሩን ትለቅም ጀመር።

“ያማል?”

“ያማል።”

“እኔንም ያመኝ ነበር” አለች፤ ከጉልበቱ ቀና ሳትል።

ኖሪስ አፉ ላይ አንድ ቀልድ መጣለት፤ ጥሩ ቀልድ ነበር። ዋጠው።

“ይቅር በይኝ፣ ልጄ።”

 ሮዊና ቁርጭምጭሚቱን ያዝ አድርጋ “እግርህን አታንቀሳቅስ” አለችው፤ “ገና አንድ ቀርቷል።”